አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፤ ራውተሩ ምን አጠፋ?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ አበው። የእኛ ጉድ ግን መስከረምንም የሚጠብቅ አልሆነም። በቅርቡ እዚህ ደብረ ብርሃን አንዲት ጎረቤቴ በአጥር በኩል ጠሩኝና ‹‹ልጄ፣ ያ የኢንተርኔቱ ዕቃ ደግሞ ሞተብኝ፤ እስቲ ገባ በልና እየው›› አሉኝ። ገባሁ። ‹‹የኢንተርኔቱ ዕቃ›› የሚሉት ራውተሩን ነው። ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። አራት አንቴና አለው። አንቴናዎቹን ቀጥ አድርጎ ሲታይ ለሰልፍ የወጣ ጄኔራል እንጂ የቤት ዕቃ አይመስልም።

እማማ ይህን ራውተር የገዙት ዐረብ አገር ያለች ልጃቸው በላከችው ገንዘብ ነው። የገዙትም ለጌጥ አይደለም፤ የልጃቸውን ፊት በቪዲዮ ለማየት ነው። ከዚህ በፊት የነበራቸውን ባለ ሁለት አንቴና ‹‹አቅም የለውም›› ብሎ ያስጣላቸው ባለ ሱቁ ነው። አሁን ይኼኛውም ‹‹አቅም የለውም›› ሊባል ነው። መብራቶቹን አየኋቸው። የኃይሉ በርቷል፤ የዋይፋዩ በርቷል፤ ከውጭ የሚገባውን መስመር የሚያሳየው ብቻ ጠፍቷል። ‹‹እማማ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። የሞተው መስመሩ ነው›› አልኳቸው። እሳቸው ግን ቁም ሣጥኑ ላይ አቧራ የለበሰውን አሮጌውን ራውተር ቀና ብለው አዩና ‹‹ታዲያ ያኛውስ?›› አሉኝ። መልስ አጣሁ። ያኛውም ጤነኛ ነበራ!

ብዕሬን ያነሳሁት ለዚህ ነው። በየቤቱ፣ በየሱቁ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት በዘገየና በተቋረጠ ቁጥር የሚወቀሰው ራውተር ነው። ‹‹ለውጠው››፣ ‹‹አሳድገው››፣ ‹‹ስድስት አንቴና ያለው ገብቷል›› ይባላል። ራውተር አፍ የለው፤ መልስ አይሰጥ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ አይደለም እንዴ? ለመሆኑ አህያው ማን ነው? እሱን ኋላ እናነሳዋለን። በቅድሚያ ግን ሕዝቡ ገንዘቡን እንዳይበላ ስለ ዳውላው ጥቂት እንነጋገር።

መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ እንስራው

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። ራውተር ኢንተርኔት አይሠራም። ራውተር እንስራ ነው፤ የመጣለትን ውሃ ይቀበላል፣ ለቤተሰቡ ያከፋፍላል። ምንጩ ከደረቀ እንስራውን በወርቅ ብናስለብጠው ጠብ የሚል ነገር የለም። ስለዚህ ራውተር ከመግዛታችን በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹የትኛው ይሻላል?›› ሳይሆን ‹‹ቤቴ የሚገባው ምንድን ነው?›› መሆን አለበት።

ወደ ቤታችን ኢንተርኔት የሚገባበት መንገድ በአመዛኙ ሦስት ነው። አንደኛው የድሮው የስልክ ሽቦ ነው። ለእሱ የስልክ ገመድ መሰኪያ ያለው፣ ኤዲኤስኤል የሚባለውን የሚቀበል ሞደም ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፋይበር ነው፤ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስታወት ውስጥ ብርሃን እየተላከ የሚሠራው። ለእሱ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሣጥን አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር አብሮ ይመጣል። የራሳችሁን ራውተር ብትገዙም ከዚያ ሣጥን ጀርባ በገመድ ትቀጥሉታላችሁ እንጂ ሣጥኑን አይተካም። ሦስተኛው በአየር የሚመጣው የሞባይል ኢንተርኔት ነው። ለእሱ የሲም ካርድ ማስገቢያ ያለው የ4ጂ ራውተር ይፈለጋል።

የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። ይኼ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ይህ ጸሐፊ ራሱ በዚሁ ተሸውዷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ወርጄ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ‹‹ብራዘር፣ ይኼን ከወሰድክ ግድግዳ ይበሳል›› አለኝ። 130 ኪሎ ሜትር ተሸክሜው መጣሁ። ሲም ካርዴን ላስገባ ባገላብጠው፣ ባገላብጠው ማስገቢያ የለውም! መስመር ላለው ቤት የተሠራ ነው፤ እኔ ደግሞ መስመር አልነበረኝም። ግድግዳ መብሳቱ ቀርቶ ኪሴን በሳው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለካስ ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

የሲም ራውተር የምትገዙ ወገኖች አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ። ከውጭ አገር በሻንጣ የሚመጡት ብዙዎቹ ለመጡበት አገር ኩባንያ የተቆለፉ ናቸው፤ የእኛን ሲም አይቀበሉም። ያልተቆለፉትም ቢሆኑ የእኛ አገር ቴሌዎች የሚጠቀሙበትን ሞገድ ላይቀበሉ ይችላሉ። ስለዚህ የራሳችሁን ሲም ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ኢንተርኔት ከፍታችሁ፣ አይታችሁ ክፈሉ። ነጋዴው ካልፈቀደ ደኅና ዋል ብላችሁ ውጡ።

የአንቴና ቁጥር ማዕረግ አይደለም

አሁን ወደ አንቴናው እንምጣ። ሰዉ አንቴና የሚቆጥረው እንደ ትከሻ ኮከብ ነው። አራት ካለው ኮሎኔል፣ ስምንት ካለው ማርሻል! አንቴናው የሚሠራው ከራውተሩ እስከ ስልካችሁ ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ከመንገድ ወዲያ ማዶ፣ ከምሰሶው፣ ከጣቢያው የሚመጣውን አንዲት ጠብታ አይጨምረውም።

በዚያ ላይ ቁጥሩ ራሱ ያሳስታል። ‹‹10 ሜጋ›› ሲባል ሜጋ ቢት ነው። እኛ ግን ፋይል የምንለካው በሜጋ ባይት ነው። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ ‹‹4 ሜጋ›› የሚባለው መስመር በሴኮንድ የሚያወርደው ግማሽ ሜጋ ባይት ነው። አንድ ጊጋ ባይት ፊልም ለማውረድ መስመሩ ሳይቆራረጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል ማለት ነው። እንዲህ ላለው መስመር ካርቶኑ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሜጋ የተጻፈበትን ራውተር መግዛት ለአንዲት ዶሮ የበሬ በረት እንደመሥራት ነው።

ታዲያ ምን እንይ? ካርቶኑ ላይ 2.4 እና 5 ጊጋ ኸርዝ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። 2.4 የሚባለው ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ደኅና አድርጎ ያልፋል፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ነው፣ የጎረቤት ዋይፋይም ይጋፋዋል። 5 የሚባለው ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ሲያገኝ ግን ይደክማል። ሁለቱንም የያዘ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ዋይፋይ 5 የሚባለው ትውልድ ለተራ ቤተሰብ በቂ ነው፤ ዋይፋይ 6 የሚጠቅመው ፈጣን ፋይበር ወይም በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙ ብዙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላሉበት ቤት ነው። ከዚያ በላይ የሚነገራችሁ ሁሉ በአብዛኛው ለነጋዴው ጥቅም ነው።

ቦታውስ? በድንጋይ ግድግዳ ለተሠራ የአንኮበር ቤት ባለ ብዙ አንቴና ራውተር ጓዳ ውስጥ ከማስቀመጥ ርካሹን ራውተር መሀል ቤት ከፍ አድርጎ መስቀል ይሻላል። ቡፌ፣ ብረት ሳጥን፣ መስታወት፣ የውሃ በርሜል የዋይፋይ ጠላቶች ናቸው። የሲም ራውተር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዋናው ጉዳይ ከቴሌው ማማ የሚመጣውን ሞገድ መያዝ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያና የቆርቆሮ ግድግዳ ሞገድ ይመልሳል። አንኮበር ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ያለ አገር ነው፤ ማማው ከሸንተረሩ ወዲያ ከዋለ የአንዱ ቤት ደኅና፣ የሰባት እርምጃው ጎረቤት ጭልጥ ያለ ጨለማ ይሆናል። ስለዚህ ማማው ወዳለበት አቅጣጫ ባለው መስኮት አጠገብ አድርጉት፤ የውጭ አንቴና መቀጠያ ቀዳዳ ያለውን ምረጡ። እዚህ ላይ አንቴና ዋጋ አለው፤ እሱም ጣሪያ ላይ ወጥቶ ማማውን የሚያየው ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው መብራት ነው። በእኛ ከተማ መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚያቃጥለው ብዙ ነው። አብዛኛው ራውተር በ12 ቮልት፣ አንዳንዱ በ9 ቮልት ይሠራል። አስማሚው ሲቃጠል ያገኙትን ሌላ መሰካት ራውተሩን ይገድለዋል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለራውተር ተብሎ የተሠራች አነስተኛ ባለ ባትሪ ዩፒኤስም አለች፤ መብራት ሲሄድ ሰዓታት ታቆየዋለች። ለባለ ስምንት አንቴናው የሚወጣውን ትርፍ ብር ለእሷ ብታውሉት ትመረቃላችሁ።

ሁለተኛው ቁልፍ ነው። ራውተር ሲገዛ ‹‹አድሚን፣ አድሚን›› ተብሎ የሚመጣው የይለፍ ቃል በዚያው ቀን መለወጥ አለበት። ዋይፋዩን ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም 3 በሚባለው ቆልፉት፤ አዝራር በመጫን ብቻ የሚያገናኘውን ደብሊው ፒ ኤስ አጥፉት። በእናንተ መስመር ሌላ ሰው የጻፈው ነገር የሚመዘገበው በእናንተ ስም ነው። በዚህ አገር ደግሞ ‹‹እኔ አይደለሁም›› ማለት ምን ያህል እንደሚያድን እናውቀዋለን።

እንግዲህ አህያው

እዚህ ድረስ ያልኩት ገንዘባችሁን ያድናል። ኢንተርኔታችሁን ግን አያድንም። ለምን?

የቴሌን ታሪክ የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያው ስልክ ወደዚህ አገር የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን መሆኑን ያውቃል። ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አንጎለላ ነው፤ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫም ይኸው አንኮበር ነበር። ካህናቱ ‹‹ይህ የሰይጣን ሥራ ነው›› ብለው ስልኩን እንደተቃወሙና ንጉሡ ግን እንዳልሰሟቸው ሲነገር ኖሯል። ደብረ ብርሃን ራሷ ስሟን ያገኘችው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከሰማይ ወረደ ካሉት ብርሃን ነው። የብርሃን ተራራ! ዛሬ ኢንተርኔት በመስታወት ገመድ ውስጥ በብርሃን በሚጓዝበት ዘመን የብርሃን ከተማ ልጆች ‹‹መስመር አለ? መጣ?›› እየተባባሉ ይኖራሉ። ከዚህ የባሰ ምፀት ከየት ይመጣል?

ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ ለሩብ ምዕተ ዓመት ሕዝቡ የነበረው አንድ በር ብቻ ነው፤ የመንግሥት በር። ሁለተኛው ኩባንያ ሳፋሪኮም በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አግኝቶ በይፋ ሥራ የጀመረው በመስከረም 2015 ዓ.ም ነው። ተፎካካሪ መጣ ብለን አጨበጨብን። ሲም ሁለት ሆነ። ነገር ግን ሲሙ ሁለት ሲሆን መዝጊያው አንድ እንደሆነ ለመማር አንድ ዓመት አልፈጀብንም።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ለቀን አይደለም፣ ለሳምንት አይደለም፤ በአብዛኛው የክልሉ አካባቢ ለአንድ ዓመት ያህል! በዚያ ዓመት ራውተር ምን ይሁን? ባለ አራት አንቴናውም፣ ባለ ስምንቱም፣ ሲም የሚበላውም ሁሉም እኩል ሆነ፤ ሁሉም የፕላስቲክ ቁራጭ። የመስመር ኢንተርኔት ያለው ቤትና ሆቴል እንደ ጸበል ሥፍራ ሆነ። ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ብርድ እየገረፈው፣ ስልኩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ከዘመዱ መልእክት ይጠብቅ ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከወለጋ ተፈናቅሎ ካምፕ የገባው ወገናችን ከቀረው ዘመዱ የሚገናኝበት በር ተዘጋ። ነጋዴው ትዕዛዙን አጣ። ተማሪው መጽሐፉን አጣ። እማማም ልጃቸውን አጡ። በዚያ ዓመት ሙሉ የልጃቸውን ድምፅ እንጂ ፊቷን አላዩም። ‹‹ከሳች ይሆን? ጠቆረች ይሆን?›› እያሉ ነበር የከረሙት። ይህን የትኛው ራውተር ይጠግነዋል?

ይህ የመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ ‹‹የጦር ጊዜ ነው›› ብለን እናልፈው ይሆናል። አይደለም። በ2008 ዓ.ም ማኅበራዊ ሚዲያው፣ በ2009 ዓ.ም ደግሞ ኢንተርኔቱ ለፈተና ተብሎ ተዘግቷል። በሰኔ 2011 ዓ.ም ተዘግቷል። ሰኔ 2012 ዓ.ም ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቷል። ልብ በሉ፤ ‹‹ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025›› የተባለው ስትራቴጂ የጸደቀው በዚያው በ2012 ዓ.ም ነው! ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ወደ ሁለት ዓመት በጨለማ ከረመች። ያኔ ትግራይ ሲዘጋ ዝም ያልን ብዙዎች ነን። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኛን ግን ዝምታችን ራሱ ነቀዘን፤ ተራው ደረሰን።

በአንድ እጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ‹‹በኦንላይን ይሰጣል›› ይባላል፤ በሌላው እጅ ክልሉ ይዘጋል። በ2017 ዓ.ም ‹‹የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን ግዙ፣ አንዱ በ300 ብር›› ተብለናል። ባለቤት ሁኑ ማለት ነው። ባለቤት የሆነ ሰው የራሱ ሱቅ ለምን እንደተዘጋ የመጠየቅ መብት የለውም እንዴ? በሐምሌ 2016 ዓ.ም ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ራውተር ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ስለዚህ እማማ በማይሠራ መስመር ላይ ሁለተኛ ራውተር ሲገዙ የከፈሉት የነጋዴውን ትርፍ ብቻ አይደለም፤ የመንግሥትን ፖሊሲም ጭምር ነው።

ምን ይደረግ?

‹‹መንግሥትን መስደብ ቀላል ነው፤ መፍትሔ አምጣ›› የሚሉኝ አይጠፉም። እሺ፣ እነሆ።

ለተጠቃሚው፦ ራውተር ከመለወጣችሁ በፊት አንዲት ሙከራ አድርጉ። ኮምፒውተር በገመድ ከሞደሙ ጋር በቀጥታ አገናኙና ፍጥነቱን ለኩ። በገመድ ደኅና ሆኖ በዋይፋይ ብቻ ከዘገየ ጥፋቱ የራውተሩ ወይም የቦታው ነው። በገመዱም ከዘገየ ጥፋቱ የመስመሩ ነው፤ አንድ ሳንቲም አታውጡ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተለካውን ፍጥነት በደብተር ጻፉ። በአፍ የሚቀርብ አቤቱታ ከደጃፍ አያልፍም፤ ደብተር ግን ይናገራል።

ለነጋዴው፦ ደረሰኙ ላይ ዕቃው ለየትኛው መስመር እንደሚሆን ጻፉ፤ ካልሆነ መልሳችሁ ተቀበሉ። የእናት ገንዘብ አትብሉ።

ለአገልግሎት ሰጪዎችና ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፦ ባለሥልጣኑ በ2011 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 ሲቋቋም የተጠቃሚን ጥቅም ይጠብቅ ተብሎ ነው። መስመር የሞተበት ቀን ከወርኃዊ ክፍያ ይቀነስ። ‹‹እስከ 10 ሜጋ›› የሚለው ‹‹እስከ›› ይቅርና ‹‹ከዚህ አያንስም›› ተብሎ በውል ይጻፍ። ጤፍ ሻጭ ‹‹እስከ አንድ ኪሎ›› ብሎ ሩብ ቢመዝን አይከሰስም?

ለመንግሥት፦ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ዜጋ መረጃና ሐሳብ የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሠራጨት ነፃነት አለው ይላል። ኢንተርኔት የሚዘጋ ከሆነ ማን አዘዘ? በየትኛው ሕግ? እስከ መቼ? ይህ ለሕዝብ ይነገር፤ ፍርድ ቤትም ይየው። በር የሚዘጋ ሰው ቢያንስ ስሙን ይናገር። እስከ አሁን የሆነው ግን ማንም ሳይፈርም አገር መጨለም ነው።

ሰሞኑን የእማማ መስመር መጣ። አሮጌውን ባለ ሁለት አንቴና ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩና አቧራውን ጠርጌ፣ ቁልፉን ለውጬ፣ ከቡፌው አውጥቼ መሀል ቤት ሰቀልኩላቸው። አዲሱን ባለ አራት አንቴና ሸጡት። ልጅቷ በቪዲዮ ታየች። እማማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው ‹‹ልጄ፣ ይኼ ነገር ደግሞ ይዘጋ ይሆን?›› አሉኝ።

ስለ ራውተር የሚጠይቀኝን ሁሉ መመለስ እችላለሁ። የእማማን ጥያቄ መመለስ ያለበት ግን ሌላ ነው። እሱም ራሱን ያውቃል።

ቸር ይግጠመን።